ያለ ቦታው የቆመ ድንጋይ

በሥራ ዘመኔ ካቆምኳቸው የወሰን ድንጋዮች ውስጥ ያለ ቦታው የቆመው አንድ ብቻ ነው። ይህን የምለው ራሴን ላመሰግን አይደለም። ሌላ ቀያሽ ቢሳሳት የአንድ ሰው አጥር ይጣመማል፣ ሁለት ጎረቤት ይኮራረፋል፣ ሽማግሌ ይገባና ያልቃል። የእኔ ስህተት ግን መርጣ መርጣ ያረፈችው ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ድሬ ጠያራ ወረዳ ውስጥ፣ የእኛ ክልል ጫፍ ከጎረቤት ክልል ሁለት ወረዳዎች ጋር አንድ ነጥብ ላይ የሚነካካበት ቦታ ነው። ሦስት ወሰን በአንድ ድንጋይ። እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ሐረር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ቤቴ ፈላና በር አጠገብ ነው። የሰፈሬ ሰው ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተሸክሜ ስወጣ ስለሚያየኝ ሥራዬን የሚያውቅ ይመስለዋል። ቲማቲም ሻጯ ሳትቀር «ይሄ መንገድ መቼ ነው የሚሠራልን?» ትለኛለች። መንገድ እንደማልሠራ ስንት ዓመት ሙሉ ባስረዳ የሚሰማኝ ስላጣሁ አሁን «በቅርቡ» ብዬ ማለፍ ጀምሬአለሁ። ስለ ወሰን ድንጋይ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

የሦስት ወሰን መገናኛ እንደ ተራ ችካል ተመትቶ አይኬድም። መጀመሪያ ከሦስቱም ወገን ሽማግሌዎች መጥተው አባቶቻቸው ያሳዩአቸውን ቦታ ያሳያሉ። ከዚያ የሁለቱ ክልሎች የጋራ ኮሚቴ የያዘው ወረቀት ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይ የነጥቡ ቁጥር አለ። ቀያሹ ቁጥሩን በመሣሪያው ይዞ እየተራመደ ቦታውን ይፈልጋል። ሲገኝ አንድ ሜትር የሚሆን ጉድጓድ ይቆፈርና ከሥሩ ከሰልና የተሰባበረ ጠርሙስ ይጨመራል። ነገ አንድ ክፉ ሰው ድንጋዩን ነቅሎ ቢወስደው ከሰልም ጠርሙስም አይበሰብስምና ቆፍሮ የፈለገ እውነተኛውን ቦታ ያገኘዋል። ከከሰሉ በላይ ብረት ይቆማል፣ ዙሪያው ኮንክሪት ይሞላል። ከመሬት በላይ የሚታየው ክፍል ሦስት ፊት አለው፤ እያንዳንዱ ፊት ወደ ባለቤቱ ዞሮ የባለቤቱን ስም ይይዛል። በመጨረሻ ከድንጋዩ ተነስቶ እስከ አንድ ቋጥኝ፣ እስከ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ እስከ መስጊድ ግንብ ጥግ ድረስ ያለው ርቀት ይለካና ይጻፋል። እነዚህን የማይነቃነቁ ነገሮች «ምስክሮች» እንላቸዋለን። ይህን ሥራ እወደው ነበር። በተለይ ከሰሉን በእጄ መጨመር ደስ ይለኝ ነበር፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ለማላውቀው ቀያሽ መልእክት የማስቀምጥ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መደረግ ያለበት አንድ ነገር አለ። ቁጥሩ አስቀድሞ የታወቀ ነጥብ ላይ ሄደህ ትቆማለህ፤ መሣሪያህ ያንኑ ቁጥር ማንበቡን ታያለህ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ድንጋዩን ባቆምንበት ቀን ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ቆሜ የኮሚቴውን መኪና ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስጠብቅ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሲመጡም ሁሉም ቸኩለዋል። «እስከ ሰባት ሰዓት መመለስ አለብን» አሉ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሐረርን የማያውቅ ሰው ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫ ነው፤ ጫቱ ቀርቦ፣ ፍራሹ ተነጥፎ እያለ ገደል ለገደል የሚዞር ኮሚቴ እስካሁን አላጋጠመኝም። በሰው ብቻ አላሳብብም፣ እኔም ብሆን የምቀመጥበት ቤት ይጠብቀኝ ነበር። የታወቀው ነጥብ ካለበት ኮረብታ ሥር ስንደርስ «አንድ ጊዜ እንቁምና መሣሪያውን ልፈትሽ» አልኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ከፊት ወንበር ዞር ብለው አዩኝ። «ትናንት ስትሠራበት አልነበር እንዴ?»

«ነበር።»

«ታዲያስ!»

መኪናው አልቆመም። እኔም ደግሜ አልተናገርኩም።

ቦታው ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ቀድመውን ተቀምጠዋል። አራት ናቸው። የተቀመጡት ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ላይና ዙሪያው ነበር። ከመኪና ሳንወርድ አንዱ ድንጋዩን በዱላው መታ መታ አደረጉና «ይሄው ነው» አሉ በኦሮምኛ። ሌሎቹም «ይሄው ነው» አሉ። በቃ። ጭቅጭቅ የለ፣ መሃላ የለ። በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ከሦስት ወገን የመጡ ሽማግሌዎች ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የኮሚቴው አባላት እንኳ ግራ ገብቷቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ይህን የመሰለ ስምምነት አፍርሼ የገባሁት እኔ ነኝ።

መሣሪያውን አውጥቼ ቁጥሩን አስገባሁና መሄድ ጀመርኩ። ከጥቁሩ ድንጋይ ራቅኩ። ቁልቁል ወረድኩ። የፍየል በረት አለፍኩ፤ አንዲት ትንሽ የጭቃ ቤት በስተግራዬ ትቼ አለፍኩ፤ ከማሽላ ማሳ ማዶ አንድ ጭንጫ ቦታ ላይ መሣሪያው «ደርሰሃል» አለኝ። ዞሬ ሳይ ሽማግሌዎቹ ከላይ ሆነው ያዩኛል። በርቀትም ቢሆን ፊታቸው ላይ ያለው ነገር ያስታውቃል።

በዱላቸው ድንጋዩን የመቱት ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደኔ ወረዱ። ያች የጭቃ ቤት የእሳቸው ነበረች። «ልጄ» አሉኝ፣ «እዚያ ድንጋይ ላይ አባቴም አያቴም ተቀምጠዋል። ከድንጋዩ ወዲህ የዚህ፣ ወዲያ የነዚያ፣ ያ ጎን ደግሞ የሌሎቹ። አራት ሰው አንድ ቃል ተናገረ። ያንተ ዕቃ ይህን ከየት አመጣው?»

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አባቴ፣ ሰው ይረሳል፣ ይሳሳታል። ይሄ ግን ከሰማይ ነው የሚያነበው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። ከዚያ መሣሪያዬን አዩት። «ከሰማይ ከሆነ እንግዲህ አላህ ያውቃል» አሉና ዱላቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ቆሙ። ተስማሙ አልልም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሰዓታቸውን አዩ። «የተፈቀደልን ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ከዚያ መውጣት አንችልም» አሉ። የጎረቤት ክልል ቀያሽም አብሮን ነበር፤ እሱ የራሱን መሣሪያ አላመጣም፣ በእኔው ተማምኖ መጣ። ጉድጓዱ ተቆፈረ። ከሰሉን በእጄ ጨመርኩ። ብረቱ ቆመ፣ ሲሚንቶና አሸዋው ተቦካ፣ ሦስቱ ፊቶች ወጡ። ቃለ ጉባኤው እዚያው መኪናው ሞተር ላይ ተፈረመ። የእኔ ፊርማ ከሁሉም ትልቅ ነው፤ ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ እንደፈረምኩ ያስታውቃል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐረር ገባን።

ስህተቴን ያወቅኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው፤ ያውም ቢሮ ተቀምጬ ለሌላ ሥራ የድሮ ፋይሎች ሳገላብጥ። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ቁጥር የተወሰደው ከድሮ ካርታ ነበር። የድሮው ካርታ ምድርን መለካት የሚጀምርበት የራሱ መነሻ አለው፤ የአሁኖቹ መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ መነሻ አላቸው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአንዱን ቁጥር ይዘህ በሌላው መነሻ ከፈለግከው ግን ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ስተህ ወደ ደቡብ ምዕራብ ትወርዳለህ። መሣሪያው ውስጥ የትኛውን መነሻ እንደምትጠቀም የምትመርጥባት አንዲት መስመር አለች። በዋዜማው ለከተማ ሥራ ወደ አዲሱ ቀይሬአት ነበር፤ ከዚያ አልመለስኳትም። ይህ የሙያችን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ሌላ ሰው ሲሳሳተው ስቄበት አውቃለሁ። ያ ኮረብታ ላይ ሩብ ሰዓት ቆሜ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ራሱ ያጋልጠኝ ነበር።

ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ሦስቴም ትክክለኛው ቦታ ያ ጥቁር ድንጋይ ላይ አረፈ። ሽማግሌዎቹ በሁለት ሜትር እንኳ አልሳቱም። ፋይሉን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚያ ምን አደረግክ ብትሉኝ፣ ምንም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ድንጋዩ ገጠር ነው፣ ማንም አይጎዳም፣ ማሽላ ነው ያለበት እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ወር አለፈ።

አንድ ቀን ጧት ቢሮ ስገባ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆመዋል። ቀጭን ናቸው፣ ስድሳ ዓመት ገደማ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። በእኛ አገር እንዲህ ያለችን የገጠር እናት «አዮ» ብለን ነው የምንጠራው። «አዮ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አልኳቸው።

«ድንጋዩን ያቆመውን ኢንጂነር።»

የዚያ የባለ ዱላው ሽማግሌ ሚስት ነበሩ። ሽማግሌው ከሞቱ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ወንበር ሰጥቼ ታሪኩን ጠየቅኋቸው፤ እሳቸውም ሳያለቅሱ፣ እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርገው ነገሩኝ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የባላቸው ወንድም መጣ። የሚኖረው ከወሰኑ ማዶ ነው፣ የራሱ መሬት አለው፣ የይዞታ ደብተር አለው። «ወንድሜ በአደራ ይዞልኝ ነው እንጂ መሬቱ የእኔ ነው፤ አንቺ ልጅም የለሽ፣ ወደ ወገኖችሽ ሂጂ» አላቸው። ሴትዮዋ ደብተር ሊያወጡ ወደ እኛ መሬት ቢሮ ሄዱ። ቢሮው ካርታውን ከፈተና «መሬትዎ ከድንጋዩ ወዲያ ነው፤ ከእኛ ክልል ውጭ ነዎት» አላቸው። በእግራቸው ወደ ማዶው ቢሮ ሄዱ። የማዶው ካርታ ደግሞ የተሠራው ድንጋዩ ሳይቆም፣ በጥቁሩ ድንጋይ ልክ ነው። እነሱም «እርስዎ የእኛ አይደሉም፣ የሐረር ነዎት» አሏቸው። ሁለቱም ቢሮ አልዋሸም።

«እኔ የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው» አሉኝ። «መሬቱ የኔ ነው የሚል። ሌላ አልፈልግም። ወላሂ፣ ወረቀቱ ካለ እሱ አይነካኝም።»

እዚያው ተናዘዝኩላቸው። «አዮ፣ ባለቤትዎ ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ። «ካወቅከውማ ጥሩ ነው» አሉ። «ያቆምከው አንተ ነህ፤ ታነሳዋለህ።»

ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ አነሳዋለሁ። ለሳቸው ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ለእኔም ያን ቀን ቀላል መሰለኝ።

ወደ ኃላፊዬ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ስሌቱንም አሳየሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በሩን ራሱ ተነስቶ ዘጋና «አንተ ሰው፣ ምን እያልከኝ እንደሆነ ገብቶሃል?» አለኝ። «ያን ድንጋይ ለማቆም ስንት ዓመት ስብሰባ እንደተቀመጥን ረሳኸው? አሁን ነቅለን ሁለት መቶ ሜትር ወደነሱ እናስጠጋው ስንል 'ተሳስተው ነው' ብሎ የሚሰማን ይኖራል? 'መሬት ሊወስዱ መጡ' ነው የሚባለው። አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ይወረውራል፣ አንዱ ጠመንጃ ያነሳል። ሰው ይሞታል።»

«ስህተት እኮ ነው።»

«ስህተት መሆኑን አምኜሃለሁ። ለማን ነው የምነግረው?»

የተናገረው ነገር ውስጥ ሐሰት ብፈልግ አላገኘሁም። ቢሆንም ጻፍኩ። ደብዳቤው ከነስሌቱ አራት ገጽ ነበር። ኃላፊዬ ሸኚ ደብዳቤ አድርጎ አሳለፈው፣ ይህን አልክድበትም። የጋራ ኮሚቴው ግን ሥራውን ጨርሷል ተብሎ ፈርሷል፤ ሰብሳቢው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ደብዳቤው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየሄደ ከስድስት ወር በኋላ «ለሚመለከተው አካል ይቅረብ» የሚል ጽሑፍ ተደርጎበት ተመልሶ እኔው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። የሚመለከተው አካል እንግዲህ እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

ለጎረቤት ክልሉ ቀያሽ ደወልኩ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ብዙ ሥራ አብረን ሠርተናል። ገና ሳልጨርስ «አውቃለሁ ወንድሜ» አለኝ። «ከአንተ በፊት ነው ያየሁት። የኛ ካርታና ድንጋዩ አልገጥም ሲሉኝ ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አንተ ምነው ዝም አልክ?» አለኝና ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «ስማኝ፣ እኔ እዚህ 'ድንጋዩ ወደኛ ገፍቶ ይቁም' ብዬ አፌን ብከፍት 'የኛን መሬት አሳልፎ ሰጠ' ነው የምባለው። ልጆች አሉኝ።» እኔም ልጆች አሉኝ። ስለ ልጆቻችን ትንሽ አወራንና ስልኩን ዘጋን።

አንድ ቅዳሜ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ማሳው ውስጥ ስገባ የባላቸው ወንድም ከማሽላው ግማሹን ነቅሎ የጫት ችግኝ ተክሎበታል። አጥርም ጀምሯል። አጥሩን የጀመረው ከድንጋዩ ነው፤ ሽቦውን የእኔው ኮንክሪት አንገት ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ አስሮታል። የመንግሥት ድንጋይ ላይ የታሰረ አጥር ማን ይነካል?

ሴትዮዋ ከበረቱ ወጥተው ሰላም አሉኝ። ቤተሰቤን፣ ጤናዬን ጠየቁኝ። ከዚያ «ስንት ነው የሳትከው?» አሉኝ። በሜትር ብነግራቸው አልገባቸውም፤ ስለዚህ ከድንጋዩ ተነስተን እስከ ጥቁሩ ድንጋይ ሄድን፣ እሳቸው እርምጃ እየቆጠሩ። ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ ቁጥሩን ጮክ አድርገው ተናገሩ፤ በረቱ ጋ ደግመው ተናገሩ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ ሦስት መቶ ከምናምን ደርሰው ነበር።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው አዮ።»

«ፍየሎቼ በቀን አሥር ጊዜ ይመላለሱበታል» አሉ። ተገርመው ነበር። እንዲህ ትንሽ ነገር ይህን ሁሉ ቢሮ እንዴት አቃተው ማለታቸው ነው። ጎናቸው ተቀመጥኩ። ቤታቸው ከታች ይታያል፤ ቤታቸውን የከበበው አዲሱ ሽቦም ይታያል። መሣሪያ ይዤ መጥቼ ቢሆን ትክክለኛውን ቁጥር ለማንም አንብቤ ማሳየት እችል ነበር። የሚያየው ሰው ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ሰው መክሯቸው የባላቸውን ወንድም ሐረር ፍርድ ቤት ከሰሱ። ለእኔም በባለሙያ ምስክርነት መጥሪያ ደረሰኝ። እውነቱን ልናገር፣ መጥሪያውን ሳይ ደስ አለኝ። ቢያንስ አንድ ቦታ፣ መዝገብ ላይ፣ በመሃላ «ተሳስቻለሁ» እላለሁ አልኩ። ሦስት ምሽት ተቀምጬ ንድፍ ሠራሁ፤ ጥቁሩን ድንጋይ በቀይ፣ የእኔን ድንጋይ በሰማያዊ። የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጌ አሳምሬ ጻፍኩት።

ዳኛዋ ትሁት ነበሩ። የሴትዮዋ ባል ወንድም ያቀረበው መቃወሚያ አንድ ብቻ ነው፤ መሬቱ በሌላ ክልል ስለሆነ ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም የሚል። ስለዚህ ስለ ባልና ሚስቱም፣ ማሳውን ማን ሲያርሰው እንደኖረም የጠየቀኝ የለም።

«በቃለ ጉባኤው ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው?» አሉኝ ዳኛዋ።

«የእኔ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

«በዚህ ቃለ ጉባኤ መሠረት መሬቱ ከድንጋዩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?»

«ወዲያ ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ የቆመው ያለ ቦታው ነው። ስህተቱም የእኔ ነው። ንድፉን ይዤ መጥቻለሁ።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ንድፉን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት፤ እንደገባቸው ከዓይናቸው አስታወቀኝ። ከዚያ «ድንጋዩ ያለ ቦታው ነው ብሎ የወሰነ፣ ሥልጣን ያለው አካል አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እስካሁን የለም።»

«እንግዲያው እስኪታረም ድረስ ይህ ፍርድ ቤት የሚያውቀው የቆመውን ድንጋይ ነው። አመሰግናለሁ፣ መሄድ ይችላሉ።» ንድፉን መለሱልኝ። እሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ሌላ የምለው አልነበረኝም። መዝገቡ በሥልጣን ምክንያት ተዘጋ።

ውጭ ስወጣ ሴትዮዋ ግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ነግሯቸው ኖሮ ውጤቱን ያውቁታል። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ወደ ማዶው ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችሉ ነገርኳቸው። «እዚያስ ምን ይሉኛል?» አሉኝ። እዚያ በራሳቸው ካርታ «የሐረር ነዎት» እንደሚሏቸው አውቃለሁ።

ከዚያ «ያን ቀን ውሃ አልነበራችሁም» አሉኝ።

«የቱን ቀን አዮ?»

«ድንጋዩን ያቆማችሁ ቀን። ሾፌራችሁ ቤቴ መጥቶ ለሲሚንቶው ውሃ ጠየቀኝ። ከታች ከምንጩ በጀርባዬ ያወጣሁት ሁለት ጀሪካን ነበረኝ። ባሌ 'ስጪያቸው፣ እንግዶች ናቸው' አለኝ። ሁለቱንም ሰጠሁት።» ወደኔ ዞሩ። «ይህን ነገርካቸው?»

አልሰማሁም ነበር። ያን ቀን መሣሪያዬንና ሰዓቴን እንጂ ሌላ ነገር አላየሁም። ውሃው ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩም።

«አልነገርኳቸውም» አልኩ።

«እንዴ! ዋናውን ነገር ሳትነግራቸው?» የተበሳጩት ያኔ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴ ብቻ። «ሰው መሬቱን ለሚወስድበት ድንጋይ ውሃ ይሰጣል? የሰጠነው የኛ መሬት ላይ የምትቆሙ መስሎን ነው። ዳኛዋ ሴት ናት፤ ሁለት ጀሪካን ከምንጭ ማውጣት ምን እንደሆነ ይገባታል። ግባ፣ ንገራት።»

ተነስቼ ገባሁ። ችሎቱ ተነስቷል፤ ዳኛዋ የሉም። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ መስኮቱን ከፍቶ «መዝገቡ ተዘግቷል ጋሼ፣ አዲስ አቤቱታ ካለ በጽሑፍ ነው» አለኝና መስኮቱን ዘጋው። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ንድፉን አሁንም ይዤዋለሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ለዳኛዋ ለመናገር ይፈጃል ብለው የሚገምቱትን ያህል ጊዜ ልቁም ብዬ መሰለኝ።

ስወጣ ቆመው ነበር። «ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ጻፈችው» አልኩ።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። እጄን ይዘው ሳሙኝ። ሻርፓቸውን አጥብቀው አሰሩና የመጨረሻው መኪና ሳይሄድባቸው እንዲደርሱ ፈጠን ፈጠን ብለው ሄዱ።